የለማ ቆፋ ወንበር

ሮማነወርቅ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና ልትገዛ ነው የተባለ ሰሞን አሰበ ተፈሪ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አይፈረድባትም። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። በከተማው የግል መኪና ያላቸው በአንድ እጅ ጣት ተቆጥረው ያልቃሉ፤ እነሱም ቡናና ጫት የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ናቸው። ባል የሌላት አዋላጅ ነርስ፣ ያውም በጠጠር መንገድ፣ ያውም በዚህ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ መኪና ምን ታደርግላታለች? «ስፖርት» ማለት እኮ ያኔ ለኛ ሰው ተማሪዎች በቁምጣ ሜዳ ላይ የሚዘሉት ዝላይ ነው። «ሲስተር ልትዘልባት ነው እንዴ?» ያለ አልጠፋም፤ የተባለውን ሁሉ ብዘረዝር ይመሻል። ደግነቱ ነገሩ በደህና አልቋል፤ ሐሳብ እንዳይገባችሁ ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሮማነወርቅ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ተመድባ አሰበ ተፈሪ ከመጣች ደግሞ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ቀጠን ያለች ፈጣን ሴት ናት፤ ስትራመድ ነጩ ጋዋኗ የሚከተላት እንጂ የለበሰችው አይመስልም። ቁጡም ናት። ምጥ የያዛትን ሴት «አይዞሽ እናቴ» እያለች ስታባብል ትቆይና፣ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ዘመድ ስታይ «ውጡልኝ! አየር ስጡን!» ብላ ልትማታ ምንም አይቀራት። ሰዉ ይፈራታል፣ ይወዳታልም። መንዳት የተማረችው ከሐኪም ቤቱ ሾፌር ከኃይሉ ነው፤ እሁድ እሁድ ኳስ ሜዳውን እየዞረች። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ የሄደች ጊዜ ፈታኙ «ባልሽ ራሱ ለምን አልመጣም?» ብሎ ጠይቋት ነበር አሉ።

ለምን ሁለት ወንበር? ነገሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና ላውጋችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በበደሳ በኩል ባለ አንድ መንደር፣ ባየች የምትባል ሴት ምጥ ጠናባት። ሮማነወርቅ እዚያው ድረስ ሄዳ አየቻት። ልጁ ተጋድሟል፤ ከዶክተሩ ቢላዋ በቀር የሚያወጣው የለም። የሐኪም ቤቱ መኪና ሩቅ ሄዶ ነበርና አንድ ቡና ነጋዴ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ፒክአፑን ሰጠ። ባየችን ከኋላ አስተኟት። ከዚያማ ዘመድ መጣ! ባሏ ወጣ፣ የባሏ ሁለት ወንድሞች ወጡ፣ እናቷ፣ አክስቷ፣ የክርስትና እናቷ፣ ጎረቤቷ፣ የጎረቤቷ ባል፣ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ተጫነ። «አንድ ሰው ይበቃል፣ ሌላው ይውረድ» ብትል ማን ሰምቷት። «የወንድሜን ሚስት በዚህ ቀን ትቼ ምን ፊት ይዤ ከሰው እቀላቀላለሁ?» አለ አንዱ። «እኔ ያሳደግኋትን!» አለች ሌላዋ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሰቀላል፤ የወረደውም ተቀይሞ ተመልሶ ይወጣል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ፀሐይዋ ትሄዳለች። በመጨረሻ እንደታጨቁ ተነሡ፣ ዳገቱ ላይ መኪናው እምቢ አለ፣ እንደገና ውረዱ፣ አንወርድም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ባየች ሞታ ነበር። ልጁም አብሯት።

«ክፉ ሰዎች ቢሆኑ እኮ ተሳድቤ እገላገል ነበር» አለችው ሮማነወርቅ ለኃይሉ። «የገደላት ፍቅር ነው። ለፍቅር ምን መድኃኒት አለው?»

እውነቷን ነው። እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይሸኝም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነው። ቦታ እያለ ቀረ የተባለ ዘመድ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲወቀስ ይኖራል። ሮማነወርቅ ይኼን ስታወጣ ስታወርድ ከረመችና አንድ ቀን አንድ ሐሳብ መጣላት፤ መድኃኒቱ ቦታ የሌለው መኪና ነው። አንድ ወንበር ለእኔ፣ አንድ ወንበር ለምታምጠው። የሚጨቃጨቁበት ወንበር ከነጭራሹ አይኑር! ሾፌሩ ወንድ ቢሆን ባል ሚስቱን ብቻዋን አይሰጥም። ሾፌሯ አዋላጇ ራሷ ከሆነች ግን ምን ይላል? እንዲህ ብላ ለቤት መሥሪያ ያስቀመጠችውን አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ይዛ ተነሣች። የቀራት ነገር መኪናዋን መምረጥ ነበር፤ ያውም ሁለተኛ ዕድል በሌለው ገንዘብ።

መኪና ለመምረጥ ሰው መካኒክ ይይዛል። እሷ የያዘችው ግን የሚኤሶን የከብት ደላላ በክሪን ነው። መካኒኮቹ ከሻጭ ጋር በጎን ይነጋገራሉ ሲባል ሰምታለች። በክሪ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ግመልና በቅሎ ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ነው። የመጨረሻ ልጆቹን ያዋለደችለት እሷ ናትና እምቢ አላላትም።

«እኔ ብረት አላውቅም ሲስተር» አላት። «ሻጭ ግን አውቃለሁ። በቅሎ የሚሸጥም መኪና የሚሸጥም አንድ ነው። ያለ ምክንያት የሚሸጥ የለም። ምክንያቱን ካገኘሽ ዕቃውን አገኘሽ።»

በክሪ አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ ለአውራጃ ገዢውም ለበቅሎውም «አንተ» እንጂ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። እሷ ደግሞ በዕድሜ ይበልጠኛል ብላ አንቱ ትለዋለች። አብሯቸው የተሳፈረ ሰው ማን ማንን እንደሚያከብር ግራ ይገባው ነበር። ከሚኤሶ ባቡር ተሳፍረው ድሬዳዋ ወረዱ። በክሪ ለማንም ሻጭ መምጣታቸው እንዳይነገር አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ገበያ ሊወጣ ነው የተባለ በቅሎ ጨው ይልሳል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ አይተህ የምትገዛው ውሃውን ነው፤ ይላል በክሪ።

የመጀመሪያዋ ቀይ ነበረች። ባለቤቷ ወደ አገሩ ሊመለስ የተነሣ ፈረንሳዊ ወጣት ነው፤ የተሰባበረ አማርኛ ይናገራል። ሮማነወርቅ ገና ከበሩ ስታያት ልቧ ድንግጥ አለ። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ለምታምጥ ሴት ብቻ ብላ አልነበረም። መሪዋን ይዛ ስትቀመጥ ፊቷ እንደ ሙሽራ በራ። በክሪ ግን መኪናዋን ቀና ብሎም አላያትም፤ የሚያየው መሬቱን ነው።

«የት አደረች?» አለ።

«እዚህ» አለ ፈረንሳዊው፣ መኪናዋ ከቆመችበት ጥላ ሥር የተነጠፈውን ምንጣፍ እያሳየ።

«መኪና ከመቼ ወዲህ ነው ምንጣፍ ላይ የምታድረው?» አለና በክሪ የምንጣፉን ጫፍ በእግሩ ገለበጠው። ከሥሩ ያለው አፈር በዘይት ጨቅይቷል። «ከብት ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው የተኛበት ነው ሲስተር። ይቺ ተቅማጥ ይዟታል። ተነሽ።»

ሮማነወርቅ መሪውን ለመልቀቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ያቺ ቀይ በሳምንቱ ሐረር መንገድ ላይ ሞተሯ ተቃጥሎ ቆማ ቀረች ሲባል ነው «ተመስገን አምላኬ!» ብላ በክሪን ያመሰገነችው።

ቀይዋን ባዩ በማግስቱ ጠዋት ሙሴ ያኒ ዘንድ ሄዱ። ያኒ ግሮሰሪ ያለው ግሪካዊ ነው፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣው፣ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ የሚደርስ። የሚሸጣት ነጭ ነበረች። በክሪ ኮፈኗን በመዳፉ ዳበሰ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ማንም አስቀድሞ አላሞቃትም። አስነሣት አለው፤ በሁለተኛው ተነሣች። ከድሬዳዋ በላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት አስወጧት፤ ራዲያተሯ አልፈላም፣ ማርሿም አልጮኸም። ያደረችበት መሬትም ደረቅ ነው። ዋጋዋም ከገንዘባቸው አያልፍም። በክሪ እጁን አጨበጨበና «ጋሪ ዳ! ጥሩ ናት፣ ያዢ!» አለ።

ያኔ ነው ያኒ ደስታው ልክ አጥቶ የራሱን ገበያ ያበላሸው።

«ገና መቼ አያችሁና! ትርፍም አላት!» አለና የፊቱን ወንበር አጥፎ ከኋላ የተሸጎጠች ጠባብ ወንበር አሳየ። «ሲጠጋጉ ሦስት ሰው ትይዛለች!»

የሮማነወርቅ ፊት ጠቆረ። «አልፈልጋትም።»

«ምነው?»

«የኋላ ወንበር አላት።»

«ታዲያ አላት! ባይኖራት ነው እንጂ የሚያስጠላው!» ያኒ ዋጋ ማስቀነሻ መስሎት መቶ ብር ቀነሰ። አልፈልግም አለች። ሌላ ሃምሳ ቀነሰላት። አልፈልግም። «እሺ ወንበሩን ነቅዬ ልስጥሽ?»

«ብትነቅለውም ቦታው አለ። ቦታ ካለ አክስት ትገባበታለች።»

ያኒ የምን አክስት እንደሆነች አልገባውም። በክሪ ግን ቱግ አለ። «አንቺ ሴት ጤና ነሽ? ደህና በቅሎ አግኝቼልሽ አንድ እግር በዛባት ትያለሽ?»

«በክሪ» አለች ሮማነወርቅ ረጋ ብላ፣ «አምና ባለቤትዎ ሲያምጡ ስንት ሆናችሁ ነበር ሐኪም ቤት የመጣችሁት?»

በክሪ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ አንዱን እጅ ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው መጣ። «አሥራ አራት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጥሎ «አማቴን ረስቼ፣ አሥራ አምስት» አለና ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ስለ ነጯ መኪና አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ሌላ የለህም ወይ?» ብሎ ወደ ያኒ ዞረ።

ያኒ አፈረ። «ያለችውስ ለሰው የምትታይ አይደለችም።»

ከሱቁ ጓሮ፣ በባዶ ጆንያዎች ተሸፍና፣ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ቆማለች። አረንጓዴ ቀለሟ ፀሐይ በልቶት አመድ መስሏል። ሸራዋ ሦስት ቦታ ተጥፏል፤ የግራ በሯ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። ወንበሯ ሁለት ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ጀሪካን ከቆመ ብርድ ልብስ አይገባም። ሮማነወርቅ እጇን ሰዳ ለካችውና ፊቷ ፈካ።

«ለምን ትሸጣታለህ?» አለ በክሪ።

«የወንድሜ ነበረች፤ ወንድሜ ሞተ። እኔ ደግሞ ይኼው» አለ ያኒ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «መሪው ሥር አልገባም።»

በክሪ ሆዱን አየ፣ መሪውን አየ። «ይኼ በዓይን የሚታይ ምክንያት ነው» አለና ተንበርክኮ ከሥሯ ያለውን አፈር ቆንጥሮ አሸተተ። ደረቅ ነው። ደንገጎን ስትወጣ አለቀሰች እንጂ አልቆመችም፤ አልፈላችምም።

አሁን ዋጋ ቀረ። በክሪ ሽርጡን ከትከሻው አውርዶ በራሱና በያኒ እጅ ላይ ጣለው። በሚኤሶ ከብት ገበያ ዋጋ የሚቆረጠው እንዲህ ነው፤ ጨርቅ ሥር፣ በጣት፣ ቃል ሳይወጣ። ያኒም የድሬዳዋ ልጅ ነውና ያውቅበታል። ሮማነወርቅ በገዛ ገንዘቧ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳታውቅ ቆማ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ ታያለች። አንዴ ያኒ «ኧረ ተው!» ይላል፤ አንዴ በክሪ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ጊዜ በሕይወቴ አላየሁም ትል ነበር፣ ስንት ምጥ ያየች ሴት! በመጨረሻ ጨርቁ ተነሣ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ሮማነወርቅ የሽንኩርት ሳጥን ላይ ቁጭ አለች፤ ለቤንዚንና ለአንድ ጎማ የሚሆን እንኳ ተርፏታል።

በኩሉቢ፣ በሂርና አድርገው አሰበ ተፈሪ ሲገቡ የገበያ ቀን ነበር። ሁለቱም በአቧራ ተሸፍነው ወፍጮ ቤት የዋሉ መስለዋል። ገበሬው ሁሉ ከበባቸው። ስንት ሰው ትጭናለች ብለው በኦሮምኛ ሲጠይቁት በክሪ ወንበሩ ላይ ቆሞ ሁለት ጣቱን ቀሰረና «ለማ ቆፋ! ለማ ቆፋ!» እያለ ጮኸ። ሁለት ብቻ ማለቱ ነው።

ታዲያ ከሰዉ ኋላ የሮማነወርቅ ጎረቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ የሕዝቡ ጫጫታ ስቧቸው ቆመዋል። የፍርድ ቤት ጸሐፊው ባለቤት ናቸው፤ ከሸዋ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ገበያ የሚላክላቸው እንጂ የሚወጡ አልነበሩምና ኦሮምኛ ጆሯቸው አልገባም። ጣቱን አላዩም፣ ጩኸቱን ሰሙ። መኪናዋ የአቶ ለማ ቆፋ ናት! ሁለተኛው ወንበርም የእሳቸው ነው!

ወሬ እግር አያጣም። ማታውን የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቶች ሁሉ ሰሙ። በሦስተኛው ቀን አቶ ለማ በደሳ ላይ የቡና መሬት አወጡ፤ በሳምንቱ ሐረር ላይ ሚስትና አምስት ልጅ አገኙ፤ የወርቅ ጥርስም ተከሉ። ሮማነወርቅ ሲንሾካሾኩ ታያለች፣ ምክንያቱን ግን አላወቀችም። የሚያሳዝነው ነገር ሌላ ነው። ስሙ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀረና ገጠር የደረሰው ወሬ «መኪናዋ የውሽማ ስጦታ ናት» የሚል ሆነ። ሚስቱን ከእንዲህ ያለ መኪና ላይ የሚያሳፍር ባል የት ይገኛል? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አልጠራትም። መኪናዋ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሰፈረባት። ቤት መሥሪያዬን በከንቱ አጠፋሁ፣ ያሰብኩትም ሳይሆን ቀረ እያለች እንቅልፍ አጣች።

በመጨረሻ ወይዘሮ ጥሩነሽ ራሳቸው ሊመክሯት መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ችኩል ናቸው እንጂ።

«ልጄ» አሉ ተቀምጠው፣ «እንደ እናት ቁጠሪኝ። እኒህ ሰው ባለትዳር ናቸው። ተያቸው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«አትደብቂኝ። አቶ ለማ ናቸዋ!»

«የምን ለማ?»

«ለማ ቆፋ!»

ሮማነወርቅ መጀመሪያ አፍጥጣ አየቻቸው። ቀጥሎ ነገሩ ሲገባት ሳቅ ከየት መጣ ሳትለው ያንከተክታት ጀመር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ተቀይመው ሊነሡ ሲሉ በአጥሩ በኩል አንዲት እንቁላል ሻጭ ስታልፍ አየች። ጠራቻትና ስንት እንቁላል ቀረሽ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ቅርጫቷን ዘንበል አድርጋ አየች፤ ሁለት ጣቷን አነሣችና «ለማ ቆፋ» አለች።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እንቁላሎቹን አዩ፣ ጣቶቹን አዩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ! ውይ አፈር በበላሁ! ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠኝ!» አሉ። ያኔውኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ቤት ለቤት እየዞሩም አቶ ለማን ቀበሯቸው። «የሉም፣ አልነበሩምም» ብለው ሲያስረዱ አንዲት ጆሮዋ የከበዳት ባልቴት «ነፍስ ይማር፣ በምን ሞቱ?» አለች ይባላል። በክሪ ደግሞ ሚኤሶ ገበያ ላይ ነገሩን ለከብት ነጋዴዎቹ ተረከው። ሳቁ ከወሬው ፈጥኖ ነው ገጠሩን ያዳረሰው።

ከዚያ አንድ ሳምንት ሳይሞላ፣ ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ከሂርና ስልክ ተደወለ። ሙሚና የምትባል ልጅ እግር ሴት የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ባሏ ዓሊዩና ዘመዶቹ በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ እያወረዷት ነው አሏት። ሮማነወርቅ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቷ የሚዞረው፤ እምቢ ቢሉኝስ? እዚያው ቆመን ስንከራከር ብትሞትብኝስ?

አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃያ የሚሆን ሰው መንገዱ ዳር ቆሟል። ሙሚናን አንሥተው ወንበሩ ላይ አጋደሟት። የዓሊዩ እናት፣ ደርበብ ያሉ አሮጊት፣ እንደ ልማዱ ሊሳፈሩ መኪናዋን መዞር ጀመሩ። በስተግራ ዞሩ፣ በስተቀኝ ዞሩ። የኋላ ክዳኗን ዳበሱ።

«የእኛ በር የታለ?» አሉ በኦሮምኛ።

«በር የለም እናቴ» አለች ሮማነወርቅ በዚያው ቋንቋ። «ወንበርም የለም። እሷና እኔ ብቻ ነን።»

ሰዉ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። እውነትም ምንም የለም። ሊጣሉበት፣ ሊሟገቱበት የሚችል ቦታ ጠፋ። አንደኛው የዓሊዩ ወንድም ኮፈኗ ላይ ልቀመጥ ብሎ እግሩን ሲሰቅል ዓሊዩ ራሱ ጎትቶ አወረደው።

«የምትነጂው አንቺ ነሽ?» አላት ዓሊዩ።

«እኔ ነኝ።»

ሚስቱን አየ። ሮማነወርቅን አየ። ከዚያ በሩን በገዛ እጁ ዘጋና «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቁጣ ሰምታ አታውቅም። ቆመው የቆዩት አንድ ሰው ጫማውን የሚያስርበትን ያህል ነው። አሮጊቷ መሃል መንገድ ላይ ቆመው ሲቀሩ በመስተዋቱ አየቻቸው።

ያቺ አመድማ መኪና የዚያን ዕለት ዳገቱን እያለቃቀሰች ወጣችው። ሙሚና ሕመሙ በመጣ ቁጥር «ያ ረቢ! አዮ!» እያለች ፈጣሪዋንና እናቷን እየጠራች ትጮኻለች፤ ሮማነወርቅ ሁለት እጇ ሥራ ላይ ነውና በአፏ ብቻ «በርቺ እናቴ፣ ደረስን» ትላታለች። ገና አልደረሱም ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው ሲገቡ ኃይሉ ቃሬዛ ይዞ፣ ዶክተሩም ታጥቦ ይጠብቃል። ይቺኛዋም ልጅ ተጋድማ ነበር። ቀደው አወጧት። ሴት ናት፤ ገና ሳትመታ ነው የጮኸችው። ሙሚናም ነቃች፣ ውሃም ጠየቀች።

አሥር ሰዓት ላይ የጫት መኪና በር ላይ ቆመና ዘመዱ ሁሉ ከላዩ ይወርድ ጀመር። ሮማነወርቅ ወጥታ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ስትል «አልሐምዱሊላህ!» የሚለው ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ ዓሊዩ እዚያው አፈር ላይ ተደፍቶ ሰገደ። አሮጊቷ ግን ወደ ውስጥ አልሮጡም። በቀጥታ ወደ እሷ መጡና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«መንገድ ላይ ስትጮህ ማን ያዛት?» አሉ።

ሮማነወርቅ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ዶክተሩ ቢጠይቋት መልስ ነበራት። ግራ ጎኗን አዞረችላቸው። የጋዋኗ እጅጌ ከትከሻው ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፤ ክንዷ ላይ የአራት ጥፍር ምልክት ደም አርግዞ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እሷ ናት የያዘችኝ» አለች። «እስክንደርስ አልለቀቀችኝም።»

አሮጊቷ ክንዷን ያዙ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«እኛስ የምንሳፈረው ለዚህ አልነበረም?» አሉ። «ሌላ ለምን መሰለሽ?»

የሮማነወርቅ እንባ ፈሰሰ። የእፎይታ እንባ ነው፤ ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቀው ሴት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት፣ ያንኑ ክንዷን ቀስ ብለው ይዘው «በይ ነይ፣ ልጃችንን አሳዪኝ» አሏትና ተያይዘው ገቡ።